በቆጂን ያሮጣት አየሩ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ስለ አርሲዋ በቆጂ ሯጮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን ላኩልኝ። ሦስቱም «የአገርህ ጉዳይ ነው፤ አንብበው» አሉኝ። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው በቆጂን ያወድሳሉ፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። ግን ውዳሴው ውስጥ ሰው የለም። ተራራ አለ፣ አየር አለ፣ ደም አለ። በብርድ ፊሽካ ይዞ የቆመው አሰልጣኝ ግን የለም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው የበቆጂ ምሥጢር ከፍታዋ ነው ይላሉ። ቀጥለው ሩጫው በደም የሚወረስ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ምስክራቸውም የዲባባ ቤተሰብ ነው። ልጆቹን ያጠነከራቸው ድህነትና በባዶ እግር ትምህርት ቤት መመላለስ ነው ሲሉም ይጨምራሉ። ከዚያ «በቆጂ ውስጥ ክለብ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም በግሉ ሮጦ ነው የወጣው» ይላሉ። መጨረሻ ላይ የበቆጂ ዘመን እንዳበቃና ለታዳጊዎች ሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢውል እንደሚሻል ይመክራሉ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ግን ከሥር ከሥሯ ያሉት ሳይመለሱ እሷን መመለስ አይቻልም። በተራ እንሂድ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከከፍታው ልጀምር። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የገብስና የስንዴ አገር ናት። አየሩ ስስ ነው። እዚያ ያደገ ሰው ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል። ዝቅ ወዳለ አገር ወርዶ ሲሮጥ ይቀለዋል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መንዝ ውስጥ ያለችው መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅም ከበቆጂ ብዙም አታንስም። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየር ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ የረጅም ርቀት ሜዳሊያ በሙሉ እነዚህ ከተሞች ውስጥ በተከማቸ ነበር።

ደግሞ ይህን እናስብ። የጭላሎና የካካ ተራሮች ከአያቶቻችን በፊትም እዚያው ነበሩ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የገባችው ሜልቦርን ላይ፣ በ1949 ነው። ለበቆጂ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ የመጣው ግን በ1984፣ በደራርቱ ቱሉ ነው። በመሃል 35 ዓመት አለ። አገራችን በሦስት ኦሎምፒኮች እንዳልተካፈለች አልረሳሁም። ቢሆንም አየሩ ያው ነበር። ያልነበረው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ደሙ እንምጣ። የዲባባን ቤት ማንም ያውቀዋል። እጅጋየሁ በ1996 አቴንስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘች። ጥሩነሽ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ አላት። ገንዘቤ በ2007 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ደራርቱ ደግሞ ዘመዳቸው ናት። አቴንስ ላይ እጅጋየሁ ብር ስታጠልቅ አጠገቧ ነሐሱን ያጠለቀችው ደራርቱ ነበረች። ይህን ያየ ሰው «በደማቸው ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ጥሩነሽ እንዴት ክለብ እንደገባች ጸሐፊው ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ታሪኩ የታወቀ ነው። ገና ልጅ ሆና አዲስ አበባ መጣች፤ እህቷ እጅጋየሁና የአጎቷ ልጅ በቀሉ ጋ ተጠጋች። ሐሳቧ ትምህርት ቤት ለመግባት ነበር። ምዝገባው አለፈባት። በቆጂ ብትመለስ ትዳር ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ የማረሚያ ቤቶች ስፖርት ክለብ ገባች። በመጋቢት 1993 ቤልጂየም ኦስተንድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ለኢትዮጵያ ሮጣ በወጣት ሴቶች አምስተኛ ወጣች። ያኔ 15 ዓመቷ ነበር።

እስቲ ይህን ታሪክ ቀስ ብለን እናንብበው። ታላቅ እህት ቀድማ ከተማ ገብታለች። የሚታደርበት ቤት አለ። በሩን ከፍቶ የሚቀበል ክለብ አለ። ደመወዝ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ያቺ ልጅ የት ትሆን ነበር? ያው ደም፣ ያው ሳንባ ይዛ በቆጂ ውስጥ ልጅ ታሳድግ ነበር። ከእህት ወደ እህት የተላለፈው ትልቁ ውርስ መንገዱ ነው እላለሁ።

ሳይንሱም ቢሆን ለጸሐፊው ብዙም አይመሰክርም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስፖርት ሳይንቲስቱ ከያኒስ ፒትሲላዲስ ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ምርጥ ሯጮች ዘረ መል አጥንተዋል። ከእናት የሚወረሰውን ሐረግ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ጋር አስተያዩት። ሯጮቹን ለብቻ የሚለይ ሐረግ አላገኙም። ደግሞም የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ የዲባባ ልጅ አይደለም። የ1988ቱን የአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው፣ ቦስተንን ሦስት ዓመት በተከታታይ የወሰደችው ፋጡማ ሮባም አይደለችም።

ስለ ትምህርት ቤቱ መንገድ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። እነዚያው ተመራማሪዎች የማራቶን ሯጮቻችን ልጅ ሳሉ ከሌላው ሰው ይበልጥ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጡ እንደነበር፣ ብዙዎቹም ከአርሲና ከሸዋ እንደሆኑ ጽፈዋል። እኔም ሮጫለሁ። ደወል ሳይደወል ለመድረስ ሁላችንም እንሮጥ ነበር። ልብና እግርን ያጠነክራል።

ድህነት ሯጭ ያወጣል የሚለው ግን ያናድደኛል። ልክ ያልሆነ ነገር ነውና በግልጽ ልናገረው። ሩጫ ምግብ ይፈልጋል። ጠዋት 15 ኪሎ ሜትር ሮጦ የገባ ልጅ በሻይና በዳቦ ከሰዓት ደግሞ ልምምድ አይወጣም። ቢወጣም ይወድቃል። ከእኛ ጋር ከነበሩት ከእኔ እጅግ የሚፈጥኑ ልጆች ነበሩ። እናት ታመመች፣ አዝመራ ደረሰ፣ ጫማ ተቀደደ፣ ቀሩ። ድህነት ከሰጠን ሯጭ የወሰደብን ይበልጣል።

ጫማውን ላሳያችሁ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንድ ጥንድ ስኒከር ነበራቸው። ሶሉ ተላቆ በጎማ ማስቲሽ ተለጥፏል፤ ማሰሪያው የማዳበሪያ ጆንያ ክር ነው። ታላቁ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያደርገዋል። ታናሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ለታናሹ ስለሚሰፋው ፊቱ ላይ ጨርቅ ይጎሰጉስበታል። ኮረኮንች ላይ ሲሮጥ የጨርቁ ጫፍ ይወጣና ይውለበለባል። ያ ልጅ የጠነከረው በልኩ ያልሆነ ጫማ ስላደረገ አልነበረም። በዚያው ጫማ አውራ ጣቱ ቆስሎ ሁለት ወር ተቀመጠ።

ይህ የባዶ እግር ተረት ከአበበ ቢቂላ የመጣ ይመስለኛል። ሮም ላይ በ1952፣ ጳጉሜን 5 ምሽት፣ አበበ በባዶ እግሩ በ2:15:16 ገባ። ሰው ሁሉ እግሩን አየ። ከእግሩ በላይ ያለውን ማየት ረሳ። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደመወዝ ነበረው፣ ሰፈር ነበረው፣ የልምምድ ሰዓት ነበረው። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ገባ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ።

እዚህ ጋ ወደ ዋናው ክርክር ገባን። «በቆጂ ውስጥ ክለብ አልነበረም፤ ሁሉም በግሉ ነው የወጣው።»

ክለብ ማለት በር ላይ ሰሌዳ የተሰቀለበት፣ ማኅተም ያለው፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ የተመረጠለት ከሆነ፣ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የድሮዋ በቆጂ እንዲህ ያለ ነገር አልነበራትም። ግን ክለብ ምንድን ነው? የታወቀ ሰዓት ነው። የታወቀ ሜዳ ነው። ስም የሚጠራ ሰው ነው። ትንሹ ከትልቁ ኋላ ተሰልፎ የሚማርበት ሥርዓት ነው። ስትበረታ ወደሚቀጥለው ደጅ የሚያደርስህ ሰው ነው። ይህ ሁሉ በቆጂ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም አለ።

መሠረቱ የተጣለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበር። ልጆችን ሰብስቦ ማሰልጠን የጀመረው በዚያ ነው። ደራርቱ በእሱ እጅ አለፈች። ቀነኒሳ በእሱ እጅ አለፈ። ጥሩነሽም እንዲሁ። አንድ መምህር ያንን ሁሉ ዓመት ያንኑ ሜዳ አልለቅም ሲል ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። ታዲያ እንዴት ነው «ሁሉም በግሉ» የሚባለው?

እኔ ሁለት ዓመት አብሬ ሮጫለሁ። ሰዓቴ አልወረደም፤ ለምርጫ አልበቃሁም፤ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ያየሁትን ግን አልረሳም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። ከመቶ የሚበልጥ ልጅ በመስመር ይቆማል፤ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሹራብ የለበሰው፣ የአባቱን ኮት የደረበው። ፊሽካ ይነፋል። መጀመሪያ ጂምናስቲክ ነው፤ ጉልበት ወደ ላይ፣ ተረከዝ ወደ ኋላ፣ ትከሻ ልቅ። እኩል ካልረገጥን እንደገና። ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው ትምህርቱ። በአንድ ረድፍ እንሆናለን። መሪው በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ታች። አንተ የፊተኛውን እግር ብቻ ታያለህ። እሱ የረገጠበት ትረግጣለህ። ሥር ካለ በእጁ ምልክት ያሳይሃል፤ አንተም ለኋለኛው ታሳያለህ። ኢዚ፣ ማለትም ቀስ ተብሎ በሚሮጥበት ቀን መሪውን ቀድሞ የሄደ ይጠራና ከኋላ ይሰለፋል። «ጉልበትህን ለውድድር አስቀምጥ» ይሉታል። የደከመችውን ልጅ ደግሞ ትልቆቹ ከመሃል አስገብተው «ጀባዹ! በርቺ!» እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘዋት ይመጣሉ። ብቻውን የሚሮጥ አልነበረም። ብቻውን መሮጥ የሚወድ ልጅ እንኳ ብዙ አይቆይም፤ ኮንዲሽኑ ይወርዳል፣ ይሰለቻል፣ ይጎዳል።

ይህ የአንዱ ከተማ ነገር ነው። ከላይ ደግሞ ሌላ ደረጃ አለ፤ ጸሐፊው በአንድ መስመር እንኳ አላነሱትም። የአገራችን ሩጫ ታሪክ የክለብ ታሪክ ነው። አበበና ማሞ ወልዴ የክቡር ዘበኛ ናቸው። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ቀጥሎ ፖሊሱ፣ ማረሚያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ መብራት ኃይሉ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው መጣ። መሥሪያ ቤቱ ሯጩን እንደ ሠራተኛ ይቀጥረዋል። ወር በገባ ደመወዙን ይሰጠዋል። ካምፕ፣ ትጥቅና አሰልጣኝ አለው። ልጁ በወረዳና በዞን ውድድር ይታያል፤ ወይም ጃን ሜዳ ለአገር አቋራጭ ይመጣል፤ ከዚያ ክለቡ ይወስደዋል። ቀነኒሳ ከበቆጂ ወጥቶ በሙገር ሲሚንቶ በኩል ነው ያለፈው። በዚያው ኦስተንድ፣ ጥሩነሽ አምስተኛ በወጣችበት ውድድር ላይ፣ የወጣት ወንዶቹን በ33 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ። ሦስት ዓመት ቆይቶ 5 ሺህን በ12:37.35፣ በዓመቱ ደግሞ 10 ሺህን በ26:17.53 ሮጠ። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ፤ እስከ 2012 ድረስም የነካቸው አልነበረም።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ በመጨረሻው ዙር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጥላት ሄደች። ሲያበቃ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩት። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያ ድል በቆጂ ውስጥ ያመጣውን ለውጥ ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ሴት ልጅ በቁምጣ አደባባይ መሮጧ ለብዙ አባት ነውር ነበር። ከዚያ በኋላ አባትየው ራሱ ልጁን እየቀሰቀሰ ይልካት ጀመር። ደም ሳይቀየር፣ አየር ሳይቀየር፣ የሰው ሐሳብ ስለተቀየረ ሜዳው በሴቶች ሞላ። በ2000 ቤጂንግ ላይ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች። ሁለቱ የጥሩነሽ፣ ሁለቱ የቀነኒሳ ናቸው። አራቱም በቆጂ ገቡ።

ክለቦች እንከን የለባቸውም አልልም። አንድ አብሮኝ የሮጠ ልጅ፣ ስሙን የማልጠቅሰው ክለብ ወስዶት ለወራት ደመወዝ ሳይከፈለው ቆይቶ በሰው ትራንስፖርት ነው የተመለሰው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሯጩ ምግብ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። እሳቸው ግን ክለቡ ይስተካከል አላሉም፤ ከናካቴው እንዳልነበረ አድርገው ጻፉ።

አሁን ወደ አምስተኛዋ። የበቆጂ ዘመን አብቅቷል ወይ?

ሐቁን ልናገር። ጥሩነሽ በ2004 ለንደን ላይ 10 ሺህን ካሸነፈች ወዲህ እንደ ቤጂንጉ ያለ ክረምት አላየንም። በ2008 ሪዮ ላይ ጥሩነሽ ነሐስ፣ ገንዘቤ ብር አመጡ። የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው አልማዝ አያና ናት፤ የቤኒሻንጉል ልጅ። በ2013 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ሰለሞን ባረጋ የጉራጌ ልጅ ነው። ጸሐፊው ይህን የበቆጂ ውድቀት አድርገው አይተውታል። እኔ ደግሞ ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ ይመስለኛል። ምሥጢሩ የአንድ ከተማ አየር ወይም የአንድ ቤተሰብ ደም ቢሆን ኖሮ ከቤኒሻንጉልና ከጉራጌ እንዴት ወርቅ ይመጣል? በቆጂ ውስጥ የተሠራው ሥራ ሌላ ቦታም ስለተሠራ ነው። ፊሽካው፣ ሰልፉ፣ የታዳጊ ፕሮጀክቱ፣ ክለቡ አገር ለአገር ተዳረሰ። አሰላ ላይ በጥሩነሽ ስም የተሠራው ማሰልጠኛም አንዱ ነው።

የቀድሞዎቹም ቢሆኑ አላበቁም። ቀነኒሳ በ2016 ሚያዝያ፣ 40 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ለንደን ማራቶንን በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ስለዚህ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል የሚለውን ምክር አልቀበልም። ጸሐፊው የሚቆጥሩት ሜዳሊያ ብቻ ስለሆነ ነው እንዲህ ያሉት። የሥልጠናውን ዋጋ ማየት የፈለገ ሜዳሊያ ያላገኙትን ይመልከት። የጎረቤታችን ልጅ አንዷ ናት። እኔ ስቀር እሷ ተመረጠች። አዲስ አበባ ካሉት ክለቦች አንዱ ቀጠራት። ኦሎምፒክ አልሄደችም፤ ብሔራዊ ቡድንም አልገባችም። ስሟን ከሰፈራችን ውጪ የሚያውቀው የለም። በደመወዟ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አለበሰች። ሁለት ወንድሞቿን አስተማረች። በ16 ዓመቷ ሊድሯት የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ 31 ዓመቷ ነው፤ ያገባችው የወደደችውን ነው። ይህ ሁሉ የወጣው ጸሐፊው ይቅር ከሚሉት ሜዳ ነው።

በየዓመቱ ለመስቀል ስትመጣ አንድ ማዳበሪያ ይዛ ትመጣለች። ውስጡ የክለቧ ልጆች ያወለቁት አሮጌ ጫማ ነው። ታጥቦ፣ በየጥንዱ ታስሮ። ጠዋት ሜዳው ላይ ትዘረግፈዋለች። ልጆቹ ተሰልፈው እግራቸውን ይለካሉ። እስከ መጨረሻ የሚያጣሉት ትንንሾቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ብዙ አይገኙምና። ባለፈው ዓመት 37 ቁጥር የነበረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ሦስት ሴት ልጆች በተራ ያደርጉታል።